የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል መሪ በፈጣን መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ፤ መንስኤውን የመለያ ቅደም ተከተል

ጉለሌ ክፍለ ከተማ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኝ ሲሆን፣ አብዛኞቹ መንገዶቹ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባቸው ናቸው። በሽሮ ሜዳ፣ በአዲሱ ገበያና በአካባቢያቸው የሚመላለስ አውቶሞቢል በትራፊኩ መጨናነቅና በመንገዱ አቀማመጥ ምክንያት በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። በመሆኑም አዲስ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለሳምንታት ያለ አንዳች ችግር አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቶ፣ ለመስክ ሥራ ወደ አዳማ በወጣበት የመጀመሪያ ቀን መሪው በአሽከርካሪው እጅ ውስጥ መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል።

ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ የሚደርሰው ባለ ስድስት መስመር ፈጣን መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ለተሽከርካሪዎች አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የሚደረስበት ፍጥነት በከተማ ውስጥ ተደብቆ የቆየውን የጎማ፣ የቸርኬና የፍሬን ጉድለት ይፋ ያወጣል።

ጉዳዩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም የሚመለከት ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነው እንዲገቡ የፈቀደ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የሚከለክል ውሳኔ ይፋ ሆኗል። ከዚህ በኋላ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ቁጥር በአዲስ አበባ በፍጥነት ጨምሯል። ሆኖም በተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ላይ የተሰማሩ ሠራተኞች ልምድ በአብዛኛው የተገነባው በነዳጅ መኪና ላይ ነው። በዚህም ምክንያት መሪ ሲንቀጠቀጥ መንስኤውን ከሞተሩ ወይም ከባትሪው የመፈለግ፣ አልያም "አዲስ መኪና ስለሆነ ይለምዳል" ብሎ የመተው አዝማሚያ ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያው የሕዝብ ገንዘብ ያባክናል፤ ሁለተኛው የሰው ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል። ይህ ጽሑፍ መንስኤውን ደረጃ በደረጃ ለመለየት የሚያስችሉ ነጥቦችን ያቀርባል።

ንዝረቱ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ብቻ የሚታየው ለምንድን ነው?

የአንድ መካከለኛ አውቶሞቢል ጎማ ዙሪያ 2 ሜትር ያህል ነው። መኪናው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ጎማው በሴኮንድ 14 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። በጎማው ወይም በቸርኬው አንድ ጎን ላይ ትርፍ ክብደት ካለ፣ ይህ ክብደት በእያንዳንዱ ዙር ጎማውን ወደ ውጭ ይጎትታል።

የሚጎትተው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በቸርኬው ጠርዝ ላይ፣ ከጎማው መሐል 22 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚገኝ የ20 ግራም የሚዛን ጉድለት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ላይ ከአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ያነሰ ኃይል ይፈጥራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ኃይሉ 3.4 ኪሎ ግራም፣ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 5 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ይህ በሴኮንድ ከ10 ጊዜ በላይ የሚደጋገም ምት ከመኪናው መሪና ከጎማ መያዣ ክፍሎች የተፈጥሮ ንዝረት ጋር ሲገጣጠም መሪው ጎልቶ ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ ንዝረቱ በተወሰነ ፍጥነት ላይ በርትቶ ከዚያ ሲያልፍ የሚቀንሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልን ልዩ የሚያደርጉት ሁኔታዎች

አንደኛ፣ በኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ውስጥ የነዳጅ ሞተር ድምፅና ንዝረት የለም። በነዳጅ መኪና ላይ ተሸፍኖ የሚያልፍ አነስተኛ ንዝረት በዚህኛው ላይ በግልጽ ይሰማል።

ሁለተኛ፣ ባትሪው ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ግራም ስለሚመዝን መኪናው ተመሳሳይ መጠን ካለው የነዳጅ መኪና ይከብዳል። ብዙዎቹ ሞዴሎች ሰፊ ቸርኬና ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ የተገጠመላቸው ናቸው። ይህ ክብደት በተቦረቦረ አስፋልት ወይም ጠርዙ በተነሳ የኮብልስቶን መንገድ ላይ በፍጥነት ሲያርፍ ቸርኬው ሊጣመም፣ የጎማው የውስጥ ክርም ሊበጠስ ይችላል።

ሦስተኛ፣ አዳዲሶቹ መኪኖች ከፋብሪካ ወጥተው ተጠቃሚው እጅ እስኪገቡ ድረስ በመርከብ፣ በወደብና በመጋዘን ለረጅም ጊዜ ቆመው ይቆያሉ። ለረጅም ጊዜ የቆመ ጎማ መሬት የነካው ጎኑ ይዘረጋል። መዘረጋቱ ቀላል ከሆነ ጎማው በጉዞ ሲሞቅ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ ንዝረቱም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጉዞ ውስጥ ይጠፋል። ጎማው ሞቆም ንዝረቱ ካልጠፋ ግን ጉዳቱ ዘላቂ ሊሆን ስለሚችል መመርመር አለበት።

አራተኛ፣ በርካታ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ትርፍ ጎማ የላቸውም። በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና የአየር መሙያ ይዘዋል። ይህ ፈሳሽ አንድ ጊዜ ከተጨመረ በኋላ በጎማው ውስጥ ተከማችቶ ሚዛኑን ያዛባል። እንዲሁም አንዳንድ ጎማዎች ድምፅ ለመቀነስ በውስጣቸው ስፖንጅ የተለጠፈባቸው ሲሆኑ፣ ጥገናው በጥንቃቄ ካልተካሄደ ስፖንጁ ተላቅቆ ንዝረት ያስከትላል።

ከአሽከርካሪው የሚጠበቀው ምልከታ

ለትክክለኛ ምርመራ ትልቁ ግብዓት የአሽከርካሪው ምልከታ ነው። መኪናው ወደ ጥገና ከመላኩ በፊት የሚከተሉት ጥያቄዎች በጽሑፍ ሊመለሱ ይገባል።

1. ንዝረቱ የሚሰማው የት ነው? በመሪው ላይ ከሆነ በአብዛኛው መንስኤው በፊት ጎማዎች በኩል ነው። በወንበሩና በወለሉ ላይ ከሆነ የኋላ ጎማዎች ይጠረጠራሉ።

2. በስንት ፍጥነት ይጀምራል? በስንትስ ይበረታል? በሰዓት ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ተጀምሮ በአንድ ፍጥነት ላይ የሚበረታ ከሆነ የጎማ ሚዛን መዛባት ቀዳሚው ተጠርጣሪ ነው።

3. ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው የሚከሰተው? እንዲህ ከሆነ ምርመራው ከፍሬን ዲስኮች ይጀምራል።

4. ፍጥነት ሲጨመር ብቻ ተከስቶ እግር ከመስጫው ሲነሳ ይጠፋል? ይህ ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ መገጣጠሚያ መጎዳቱን ሊያመለክት ይችላል።

5. ንዝረቱ ከጉዞው መነሻ ጀምሮ አለ? ወይስ ጎማው ሲሞቅ ይጠፋል?

6. ከንዝረቱ በፊት ምን ተከናውኗል? ጎማ ተለውጧል ወይ? ቀዳዳ ተደፍኗል ወይ? መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ወድቋል ወይ? ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር ወይ?

ይህን ምልከታ ለማድረግ ከተፈቀደው የፍጥነት ወሰን ማለፍ አያስፈልግም፤ እጅን ከመሪው ማንሳትም ፈጽሞ አይገባም።

ያለ ልዩ መሣሪያ የሚደረግ ፍተሻ

መኪናው በግቢ ውስጥ ቆሞ የሚደረገው የመጀመሪያው ፍተሻ የጎማ ብሎኖችን ጥብቀት ማረጋገጥ ነው። የላላ ብሎን ንዝረት ከማስከተሉም በላይ ጎማው ተነቅሎ እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል። አዲስ መኪና ከዚህ ስጋት ነፃ ነው ማለት አይቻልም። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ቶዮታ ኩባንያ አዲስ ካቀረበው ቢዜድፎርኤክስ ከተባለው የኤሌክትሪክ ሞዴል ውስጥ 2,700 ያህሉን በዓለም አቀፍ ደረጃ የጠራው፣ የጎማ ብሎኖቹ ሊላሉና ጎማው ሊነቀል ይችላል በሚል ምክንያት እንደነበር ይታወሳል። ብሎን የሚጠበቀው በመኪናው መመሪያ በተወሰነው ልክ፣ ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍና በኮከብ ቅርጽ ተራ ነው። ጎማ ከተፈታ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጥብቀቱን ዳግም ማረጋገጥ የተለመደ ጥንቃቄ ነው።

ሁለተኛው የጎማ አየር ልኬት ነው። አምራቾች ጎማው በማጓጓዝ ወቅት እንዳይዘረጋ ከመደበኛው በላይ አየር ሊሞሉ ይችላሉ፤ ይህም መኪናው ለተጠቃሚው ከመሰጠቱ በፊት መስተካከል ይኖርበታል። የከፍታ ልዩነትም ግምት ውስጥ ይገባል። በባሕር ወለል ላይ የተሞላ ጎማ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ ልኬቱ በ4 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ጨምሮ ይታያል። በአንጻሩ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ ልኬቱ በ1.5 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ አስተማማኙ ዘዴ መኪናው በሚያድርበት ቦታ፣ ጠዋት ከጉዞ በፊት ጎማው ሳይሞቅ ለክቶ በበሩ ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ ጋር ማመሳከር ነው። የአየር መብዛት ወይም ማነስ ብቻውን ንዝረቱን የሚፈጥረው አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ ያለውን ንዝረት ያባብሳል፤ ጎማውንም ይጎዳል።

ሦስተኛው የዓይን ፍተሻ ነው። በጎማው ጎን ላይ ያበጠ ቦታ ከታየ የውስጥ ክሩ ተበጥሷል ማለት ስለሆነ፣ መኪናው በዚያ ጎማ ወደ ፈጣን መንገድ መውጣት የለበትም። በቸርኬው ላይ የሚለጠፉት የሚዛን እርሳሶች ወድቀው እንደሆነ የቀረው የማጣበቂያ አሻራ ይጠቁማል። በክረምት ወራት በጉለሌ ተዳፋት መንገዶች ላይ የሚፈጠረው ጭቃ በቸርኬው የውስጥ ገጽ ላይ ተጋግሮ ሲደርቅ ለሚዛን መዛባት በቂ ክብደት አለው። ይህን ለማስወገድ የሚያስፈልገው ውኃና ብሩሽ ብቻ ነው። ከታጠበ በኋላ ንዝረቱ ከጠፋ ሌላ ወጪ አያስፈልግም።

በጎሚስታ የሚሠራው ሥራ

እነዚህ ፍተሻዎች መንስኤውን ካላሳዩ ቀጣዩ እርምጃ አራቱንም ጎማዎች በመሣሪያ ማመዛዘን ነው። ሥራውን የሚያሠራው ኃላፊ ሦስት ነገሮችን መከታተል ይኖርበታል። አንደኛ፣ ቸርኬው በመሣሪያው ላይ በትክክል መሐል ለመሐል መቀመጡን ነው፤ ተዛብቶ የተቀመጠ ቸርኬ የተሳሳተ ልኬት ይሰጣል። ይህን ለማረጋገጥ ጎማው ከተመዛዘነ በኋላ ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል፤ መሣሪያው አሁንም ዜሮ ካሳየ ልኬቱ ትክክል ነው። ሁለተኛ፣ ጎማው ሲሽከረከር ወደ ላይና ወደ ታች ወይም ወደ ጎን የሚዋልል መሆኑን መመልከት ይገባል። ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ የሚዋልል ቸርኬ በአምራቹ ከተፈቀደው ልክ ጋር መነጻጸር አለበት። ሦስተኛ፣ ቸርኬው በመኪናው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከዝገትና ከአሸዋ መጽዳቱን፣ የመሐል ማስተካከያ ቀለበት ያለው ቸርኬ ከሆነም ቀለበቱ በቦታው መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሚዛኑ የተስተካከለ ጎማ ክብነቱ ወይም ጥንካሬው ወጥ ካልሆነ ንዝረቱ ሊቀጥል ይችላል። በዚህ ጊዜ ቀላሉ መለያ መንገድ፣ መመሪያው የሚፈቅድ ከሆነ የፊትና የኋላ ጎማዎችን ማቀያየር ነው። ንዝረቱ ከመሪው ወደ ወንበሩ ከተዛወረ ጥፋቱ ከጎማዎቹ ጋር መሄዱ ተረጋገጠ ማለት ነው። ንዝረቱ በመሪው ላይ ከቀጠለ ምርመራው ወደ ኩሽኔታ፣ ወደ መሪ መገጣጠሚያዎች፣ ወደ ሾክ አብዞርበርና ወደ ዘንጎች ይሸጋገራል። ይህ ዘዴ የፊትና የኋላ ጎማዎቻቸው መጠን በተለያየ መኪኖች ላይ አይሠራም።

በተለምዶ አላይመንት የሚባለው የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ ከማመዛዘን ጋር ሊምታታ አይገባም። የአቅጣጫ መዛባት መኪናውን ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ጎማውንም ያለአግባብ ይበላል፤ ብቻውን ግን በአዲስ ጎማ ላይ መሪ የሚያንቀጠቅጥበት ሁኔታ ጥቂት ነው። ስለሆነም ለመንቀጥቀጥ መፍትሔ ተብሎ በቅድሚያ ሊከፈልበት አይገባም።

የፍሬን ጉዳይና የእንጦጦ ቁልቁለት

የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው ሞተሩን እንደ ጄኔሬተር በመጠቀምና ኃይሉን ወደ ባትሪው በመመለስ ነው። በመሆኑም የፍሬን ሸራና ዲስክ ሥራ ያነሰ ይሆናል። ይህ የሸራውን ዕድሜ የሚያራዝም ቢሆንም፣ ዲስኩ በዝናብ ወራት ዝገት እንዲይዝና ዝገቱ በሸራው ሳይጠረግ እንዲቆይ ምክንያት ይሆናል። የዲስኩ ውፍረት በአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት መቶኛ ያህል ከቦታ ቦታ ቢለያይ እንኳ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል።

በሌላ በኩል ሌሊቱን በጉለሌ ቻርጅ ተደርጎ ባትሪው ሙሉ በሙሉ የሞላ መኪና ጠዋት ቁልቁለት ሲወርድ፣ ባትሪው ተጨማሪ ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለማይኖረው ሸክሙ ወደ ሜካኒካዊው ፍሬን ይዞራል። ከእንጦጦ በኩል ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ አሽከርካሪ ይህን አውቆ ፍጥነቱን አስቀድሞ መቀነስ አለበት። ቁልቁለት ላይ የሚኖሩ ተጠቃሚዎች አምራቹ ለዕለታዊ አገልግሎት ከሚመክረው የባትሪ ሙሌት መጠን ባያልፉ ለፍሬኑም ለባትሪውም ይበጃል።

ሞተሩ ሊጠረጠር የሚገባው መቼ ነው?

በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ሞተሩ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ከ8 እስከ 11 ጊዜ ያህል ይዞራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ጎማው በሴኮንድ 14 ጊዜ ሲሽከረከር ሞተሩ ከ110 እስከ 150 ጊዜ ይሽከረከራል ማለት ነው። ከሞተሩ የሚመነጭ ጉድለት በእጅ የሚታወቅ ዝግ ያለ መንቀጥቀጥ ሳይሆን ቀጭን ፉጨት ወይም ደቃቅ ንዝረት ሆኖ ይሰማል። እጅን የሚያወዛውዘው ንዝረት የጎማ ፍጥነት ያለው ንዝረት ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ ያለአግባብ ሞተር ወይም ባትሪ ከማስፈታት ያድናል።

ሊወሰዱ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

መኪናው በክሪክ ወይም በማንሻ የሚነሳው በአምራቹ በተመለከቱት ነጥቦች ብቻ ነው። በወለሉ ሥር የተዘረጋው ባትሪ ሽፋን ላይ ክሪክ ማሳረፍ ከንዝረቱ እጅግ የከበደ ጉዳት ያስከትላል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚያስተላልፉ ሥልጠና የሌለው ሠራተኛ ሊነካቸው አይገባም። ጎማ ማመዛዘንና ብሎን ማጥበቅ በማንኛውም ብቁ ጎሚስታ ሊሠራ የሚችል ቢሆንም፣ የዘንግ፣ የፍሬንና የመሪ ክፍሎችን ከመፍታት በፊት የመኪናው ዋስትና ምን እንደሚል ማንበብ ያስፈልጋል።

በጉዞ ላይ ንዝረቱ በድንገት ከጀመረ፣ በፍጥነት ከተባባሰ ወይም የመንኳኳት ድምፅ ከታከለበት ጉዞው መቀጠል የለበትም። አሽከርካሪው ፍሬን በኃይል ሳይዝ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ቀንሶ ወደ መንገዱ ዳር በመውጣት የአደጋ መብራት ማብራት፣ ተሳፋሪዎችን ከመንገዱ ማራቅና ብሎኖቹንና ጎማዎቹን መመልከት ይኖርበታል። ብሎን ላልቶ ወይም ጎማ አብጦ ከተገኘ መኪናው በጭነት መኪና ይነሳል እንጂ "እስከ ቅርብ ከተማ" በሚል አይነዳም።

በመሥሪያ ቤት ደረጃ

አዲስ ተሽከርካሪ የሚረከብ መሥሪያ ቤት ርክክቡን በግቢ ውስጥ በሚደረግ ዙር ብቻ ማጠናቀቅ የለበትም። የአየር ልኬት፣ የብሎን ጥብቀትና በተፈቀደ ከፍተኛ ፍጥነት የሚደረግ የሙከራ ጉዞ የርክክቡ አካል ቢሆኑ፣ ጉድለቱ በሻጩ ኃላፊነት ሥር እያለ ይታወቃል። ጉድለት ሲገኝም ቀኑ፣ የተጓዘው ኪሎ ሜትር፣ ፍጥነቱ፣ ንዝረቱ የተሰማበት ቦታና የተደረገው ፍተሻ በቅደም ተከተል ተመዝግቦ በደብዳቤ መገለጽ ይኖርበታል። በቃል የቀረበ አቤቱታ የዋስትናው ጊዜ ካለፈ በኋላ ማስረጃ አይሆንም።

ሲጠቃለል፣ የምርመራው ቅደም ተከተል ከቀላሉና ወጪ ከማይጠይቀው ወደ ከባዱ የሚሄድ ነው። በቅድሚያ ብሎን፣ አየርና የዓይን ፍተሻ፤ ቀጥሎ ማጠብና ማመዛዘን፤ ከዚያም ጎማ ማቀያየር፤ በመጨረሻም ፍሬን፣ ኩሽኔታና ዘንግ ይታያሉ። ይህን ተራ የጠበቀ መሥሪያ ቤት አላስፈላጊ ወጪ ከማዳኑም በላይ፣ ለመስክ ሥራ የላካቸው ሠራተኞች በሰላም ደርሰው እንዲመለሱ የበኩሉን ኃላፊነት ይወጣል።